ስድስተኛው ማንኪያ

መርማሪዋ በስድስት ሰዓት ትመጣለች። በአዲሱ ሕግ፣ ከፋብሪካ ስትወጣ ያልነበራት አንድ ዕቃ እንኳ የተገኘባት አሮጌ መኪና ትጨፈለቃለች። ከሟቹ አባቴ ቮልስ ላይ እሱ ያበጃጀውን ሁሉ አውልቄ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ከሶማሌ ተራ የለቃቀምኳቸውን የጥንት ዕቃዎች ገጥሜያለሁ። የቀረኝ የመስኮቱ ማዞሪያ ነው። አባቴ የእናቴን የሾርባ ማንኪያ አጥፎ ነበር የሠራው።

ሰዓቴን አየሁ። ሩብ ጉዳይ። እናቴ ግን ከመኪናዋ ወንበር አልወረደችም።

"እማዬ፣ እባክሽ ልፍታው።"

"ሌባ ነበር እኮ አባትህ! ስድስት ገዝቼ አምስት አስቀረልኝ" ብላ ሳቀች። እጇን ግን ከማንኪያው ላይ አላነሳችም።

"ካገኙት ይጨፈልቋታል።"

"እሺ፣ ፍታው! ምን ታፈጣለህ?"

ብሎኑን ፈትቼ ማንኪያውን ሰጠኋት። አዲሱን ማዞሪያ እንዳጠበቅሁ በሩ ተንኳኳ።

መርማሪዋ በያዘችው መሣሪያ ከጎማ እስከ ጣሪያ ፈተሸች። "እንኳን ደስ አላችሁ!" አለችን። "የሰው እጅ የነካት አትመስልም።"

እናቴ ማንኪያውን ይዛ ወደ ቤት ገባች። ምሳ ላይ የታጠፈውን ማንኪያ አጥባ ከአምስቱ ጋር አቀረበችው።

"ላቃናልሽ?" አልኳት።

"ተው" አለችኝ። "እሱን እንኳ አትንካብኝ።"