የሁመር ፍሬ

ከባሕር ማዶ በእርዳታ የተላከው የሒሳብ መማሪያ ከጅቡቲ በባቡር ገብቶ፣ የምድር ባቡሩ ወዛደር ሮብሌ ሳጥኑን በትከሻው ተሸክሞ አንደኛ ክፍል አደረሰው። ክዳኑ ሲነሳ ቀይ፣ ሰማያዊና ቢጫ የእንጨት መቁጠሪያ ሞልቶበታል። ሰባ ልጆች ባንድ አፍ «ውይ!» አሉ። አስተማሪዋ ዕንባዋ መጣ። እስከዚያች ቀን ድረስ መደመርና መቀነስ ያስተማረችው ሁመር የሚባለውን ጎምዛዛ መጠጥ ጨማቂዎች የሚጥሉትን ፍሬ ለቅማና አጥባ ነበር።

መቁጠሪያው ለልጆቹ ታድሎ እንዳለቀ ሮብሌ ሰዓቱን አየ። «አቦ መምህርት፣ ሳጥኑ ወደ ላኪዎቹ ተመላሽ ነው። ባቡሩ ሳያመልጠኝ ባዶውን ስጪኝ።»

«ባዶውን?» አለች ደንግጣ። የጎረቤት ሰሃን እንኳ ባዶውን አይመለስም ተብላ ያደገች ሴት ናት። ዞር ዞር ብላ ብታይ ከጠመኔ በቀር ምንም የለም። በመጨረሻ መሳቢያዋን ሳበች፤ በልጆች ጣት ተሻሽተው እንደ ጨሌ የሚያብረቀርቁትን የሁመር ፍሬዎች ከነከረጢታቸው አውጥታ ሳጥኑ ውስጥ ዘረገፈቻቸው። «ለነሱም ልጆች መቁጠሪያ ይሁናቸው። እግዜር ይስጥልን።»

ሮብሌ ሳጥኑን ወዲያው አላነሳም። ጎንበስ ብሎ ፍሬዎቹን በሻካራ መዳፉ አገላበጠ። አምና በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ፣ እዚሁ ክፍል፣ እዚሁ የልጆች አግዳሚ ላይ ጉልበቱን አጣጥፎ ቁጥር የተማረው በነዚሁ ነበር። አንዲቱን አነሳና የሸሚዙ ኪስ ውስጥ ከተታት።

«ወላሂ ይቺስ አትሄድም» አላት። «አንድ ያልኩት በሷ ነው።»