የመስኮትና የበር ጓዶች

እስር ቤቱ ውስጥ ስንቅ የሚበላው በየድርጅቱ ተቧድኖ ነው። በመስኮቱ በኩል ያሉት የአንዱ ድርጅት፣ በበሩ በኩል ያሉት የሌላው ናቸው። ሁለቱም ኮሚኒስት ነን ይላሉ፤ አንዱ ቢያነጥስ ግን ሌላው «ይማርህ» አይለውም። እኔ ከጎሬ ለትምህርት የመጣሁ ነኝ፤ ከተማው ውስጥ ስንቅ የሚያመጣልኝ ዘመድ የለኝም።

«ጓድ፣ አንተ የማን ነህ?» አሉኝ የመስኮቶቹ፣ ገና እንደገባሁ።

«የጭቁኑ ሕዝብ» አልኩ።

«እሱማ ሁላችንም ነን። ድርጅትህን ነው የጠየቅንህ።»

አላውቀውማ! ያደራጀኝ ጓድ ጥላዬ የሚባል ሰው ነው። ስድስት ወር ሙሉ መጽሐፍ አስጠናኝ። የድርጅታችንን ስም ስጠይቀው ግን «የማልነግርህ ለደህንነትህ ሲባል ነው፤ ጊዜው ሲደርስ ይነገርሃል» ይለኝ ነበር። ጊዜው ሳይደርስ ወታደሮቹ ደረሱ።

ይህን ብናገር ማን ይመነኝ? የመስኮቶቹ «የእነዚያ ሰላይ ነው» አሉኝ፤ የበሮቹም እንደዚያው። ሦስት ቀን መሐል ወለሉ ላይ ተቀምጬ፣ ውሃ እየጠጣሁ፣ ሰው ሲበላ አየሁ።

በአራተኛው ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ጓድ ጥላዬን ገፍትረው አስገቡት። ከንፈሩ አብጧል። ዘልዬ አቀፍኩት፤ እንባዬ መጣ። ሁለቱም ወገን መብላቱን ትቶ ያየናል።

እሱ ወደ መስኮቱ አየ፤ ወደ በሩም አየ። ከዚያ አፉን ወደ ጆሮዬ አስጠጋ።

«አንተ ቀድመኸኝ ገብተሃል» አለኝ። «እኛ የትኞቹ ነን?»