የበር ጠባቂዋ ካርድ

እናትየዋ ፊደል የቆጠረችው ዘንድሮ ነው። ልጇ በየሳምንቱ ቅዳሜ ከሰዓት ጓደኞቿን ሳሎን ትሰበስብና፣ ራሷ በፈጠረችው የዘንዶና የግንብ ዓለም ውስጥ ቁጥር ያለው ጠጠር እያስጣለች ታጫውታቸዋለች። ለእናቷም ማንበብ እንድትለማመድ ብላ፣ የከተማዋ በር ጠባቂ በጨዋታው ውስጥ የምትናገረውን የጻፈችበትን ካርድ ሰጥታታለች። ዛሬ ተራዋ ደረሰና እናትየዋ ማንበብ ጀመረች።

«መንገደኞች ሆይ፣ ከተማዋ... ተ... ተዘ...»

«ተዘግታለች» አለ ከልጅቷ ጓደኞች አንዱ ቀድሟት። «እትዬ፣ በዚህ አያያዝ ዘንዶው በእርጅና ይሞትብናል።»

ሁሉም ሳቁ። እናትየዋ ጣቷን ከፊደሉ ሳታነሳ ቀጠለች። «ቁልፉ ከእኔ ጋር ነው። እናትየዋም...»

«እማዬ፣ ቁልፉ ላይ ያበቃል» አለች ልጅቷ። «የጻፍኩት እኮ እኔ ነኝ። ከራስሽ አትጨምሪ።»

እናትየዋ ደሟ ፈላ። ያን ሁሉ ወር የለፋችው፣ አታነብም ለመባል ነው እንዴ?

«የተጻፈውን ነው የማነበው» አለች።

ከዚያ ዓይኗን ወደ ካርዱ መለሰች። «እናትየዋም ተናደደችና... የተጻፈውን ነው የማነበው... አለች።»

ማንም አልሳቀም።

«ማንም... አልሳቀም» ብላ አነበበች። «ልጅቷ ተነሥታ... ካርዱን... ተቀበለቻት።»

ልጅቷ ቆማ እጇን ዘርግታ ነበር። ካርዱን ወሰደች። ገጹን ባንድ እይታ የምትጨርሰው ልጅ እንደ እናቷ ጣቷን ከፊደሉ ሥር አድርጋ፣ አንድ በአንድ፣ ድምፅ ሳታሰማ እስከ መጨረሻው ወረደች። የመጨረሻው መስመር ላይ ስትደርስ ቀና ብላ የቤቱን በር አየች።

«እማዬ» አለች ቀስ ብላ፣ «የቤቱ ቁልፍ የት ነው?»

«ከእኔ ጋር ነው» አለች እናትየዋ።

በሩ ተንኳኳ።