የሚዘሉ ቁጥሮች

ቁጥሩ እንደገና ዘለለ። ሠላሳ አንድ ላይ ነበር፤ ቀጥሎ መቶ አርባ አለ። ስክሪኑ ላይ ያለችው ድመት ከደረጃው አናት መውረድ ጀምራ፣ መሃሉን ሳትረግጥ ታች ተገኘች።

ሰውየው ማውዙን ለቀቀ። ስቱዲዮው ውስጥ ንስር ይሉታል። ከአኒሜሽን ፊልም አንዲት ሥዕል ብትጎድል ዓይኑን እንደ ጉድፍ ትቆረቁረዋለች። እያንዳንዱ ሥዕል ተራ ቁጥር አለው፤ ቁጥር ከዘለለ ሥዕል ጠፍቷል ማለት ነው። ሳምንቱን ሙሉ የጠፋውን እንደ አዲስ እየሳለ ሲሞላ ሰነበተ።

ፊልሙን የሚያስረክቡት ዛሬ ነው። ጠዋት ደንበኛው መልሶ ላከው፤ ድመቷ አንዱን ደረጃ ሁለት ጊዜ ትወርዳለች ብሎ።

ለንስር ነገሩ ግልጽ ነበር። ሥዕሎቹን የደበቀ ሰው፣ እሱ ከሞላ በኋላ መልሶ ከቷቸዋል። ከእሱ ቀጥሎ ፋይሉን የምትነካው ደግሞ ቀለም ቀቢዋ ብቻ ናት። ወንበሩን እንደምትመኝም ያውቃል።

ሥራ አስኪያጇ አስጠራቻት። ልጅቷ ፋይሉ እሷ ጋ ሲከፈት አንድም ቁጥር እንደማይዘል ተናገረች። ንስር ሳቀ። ሌላ ምን ልትል ኖሯል?

"ጋሼ፣ ሙያውን ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት" አለች።

"ለዚህ ነው የእናት ጡት ነካሽ የምልሽ።"

ከዚያ "መልሱልኝ እንጂ!" ስትል ሰማት። ምን እንደጠየቀችው አላወቀም። እንባዋ ይወርዳል። ንስር ነገር ለማስቀየስ ነው ብሎ ፊቱን አዞረ። ሚስቱም ከትናንት ወዲያ እንዲሁ አልቅሳበታለች፤ ሳናግርህ ጆሮ ዳባ ልበስ ትላለህ ብላ። ሰሞኑን ሁሉም ሆድ ብሶታል።

ሥራ አስኪያጇ ቁርጡን ተናገረች።

"ቴክኒሻኑ ያየዋል። ማሽኑ ጤነኛ ከሆነ ዕቃሽን ትሰበስቢያለሽ።"

ቴክኒሻኑ ስክሪኑን ቀየረ፤ ፕሮግራሙን አጥፍቶ እንደገና ጫነ። ቁጥሩ ንስር ላይ ዘለለ። ፋይሉን ወደ ሌላ ኮምፒውተር ወሰደው። እዚያም ዘለለ። ቴክኒሻኑ ሁለቱንም ጊዜ ከጠረጴዛው ሥር ገመድ ለገመድ ሲርመጠመጥ ነበር። ወጥቶ አቧራውን አራገፈና፣ ስልኩን ስክሪኑንም ንስርንም እንዲቀርጽ ከጎን አስደግፎ ንስር አጠገብ ተቀመጠ። ሲዘል እንዲነግረው ጠየቀ።

"ዘለለ!" አለ ንስር። "ከሃምሳ ሁለት መቶ ስልሳ ገባ። አየኸው?"

የቴክኒሻኑ እጅ ንስር ትከሻ ላይ ነበር፤ መቼ እንዳሳረፈው ንስር ልብ አላለም።

"ቅድም ሠላሳ አንድ ላይ ነው ያሉኝ፣ ጋሼ።"

"ቦታ ትቀያይራለቻ! ተንኮለኛ አይደለች?"

ቴክኒሻኑ ስልኩን አንስቶ ለብቻው አየ። ሥራ አስኪያጇ በሩ ላይ ቆማ ውጤቱን ጠየቀችው። ቀለም ቀቢዋ ከኋላዋ ነበረች፤ ቦርሳዋን አንግታለች።

"ማሽኑ ጤነኛ ነው" አለ ቴክኒሻኑ።

ንስር በረጅሙ ተነፈሰ። ልጅቷ ልትሄድ ስትል ቴክኒሻኑ እንድትቆይ በእጁ ምልክት ሰጣት፤ ስልኩንም ለሦስቱም አዞረላቸው።

ቪዲዮው ላይ ሃምሳ ሁለት፣ ሃምሳ ሦስት፣ ሃምሳ አራት፤ ቁጥሮቹ ተራቸውን ጠብቀው ያልፋሉ፣ ቴክኒሻኑ "ጋሼ! ጋሼ!" እያለ ትከሻውን ይነቀንቃል፣ ንስር ግን ዓይኑ እንደፈጠጠ አይሰማም።