በኅዳር ሚካኤል የተፈታው በር

«ካቻቪቴውን ጣይው!» ይሉኛል ጋሽ ኃይለጊዮርጊስ። «ብረት ቆዳውን ይበላዋል። የወጥ ማማሰያሽን አምጪ።»

ከጓዳ ማማሰያ አመጣለሁ። ጫፉን በቁራጭ ጨርቅ እጠቀልልና በፊያቷ በር ብረትና በጥቁሩ የውስጥ ልባስ መካከል ቀስ አድርጌ እሰካዋለሁ። ልባሱን የሰፉት እሳቸው ራሳቸው ናቸው። ባሌ ኢታና ይህችን ስፖርት መኪና አገር ለቆ ከሚሄድ ጣሊያን ሲገዛት፣ ከመኪና ልብስ ሰፊዎች ሁሉ መርጦ ለእሳቸው ነው የሰጣት። ዛሬ ግን ኅዳር ሚካኤል ነውና ሥራ አይነኩም። ከቤቱ ጀርባ ግንድ ላይ ተቀምጠው፣ ሁለት እጃቸውን ጋቢያቸው ውስጥ ቀብረው፣ በአፋቸው ብቻ ያዙኛል።

«እናንተ ጴንጤዎች በዓል የላችሁ፣ ምን አለባችሁ» ይላሉ።

«እርስዎስ ይኸው እየሠሩ አይደል?»

«እኔ ወሬ ላይ ነኝ። ወሬ ደግሞ በበዓል ነው የሚያምረው።»

እስቃለሁ። መኪናዋ ተወርሳለች፤ ነገ ጠዋት ይወስዷታል። የመዘገቧት ሰዎች በሮቿን በጣታቸው እየዳሰሱ «ጭረት የለባትም» ብለው ጽፈዋል። ከዚያ ወዲህ አንድ አብዮት ጥበቃ የግቢው በር ላይ ተቀምጦ የሚወጣውን ሁሉ ይፈትሻል። የማያውቀው ነገር ቢኖር፣ ቤተ ክርስቲያናችን ሲታሸግ ኢታና የጌታ እራት የምንቀበልበትን ጽዋ እዚህ የመኪናዋ በር ውስጥ መደበቁ ነው። አሁን ኢታና ታስሯል። ጽዋው መኪናዋ ውስጥ ከተገኘ «ስብሰባቸው አልቆመም» ይባላል፤ ያኔ ባሌን መልሼ አላየውም። በሩ ከተቧጨረ ደግሞ «ምን አወጣሽበት?» መባሌ አይቀርም። ስለዚህ ማውጣቱ ብቻ አይበቃኝም፤ እንዳልተነካ አድርጌ መግጠም አለብኝ። እገጥመዋለሁም።

«መጀመሪያ የመስታወቱን ማዞሪያ» ይላሉ። «ከሥሩ አንዲት የታጠፈች ሽቦ ይዛዋለች። ጨርቁን ከኋላው አስገቢና ሊስትሮ ጫማ እንደሚወለውል ወዲያ ወዲህ ሳቢው።»

እወለውላለሁ። ላቤ ዓይኔ ውስጥ ይገባል። ሽቦዋ ድንገት ተስፈንጥራ ጉልበቴ ላይ ታርፋለች፤ ማዞሪያውም ሳይጫር እጄ ላይ ይቀራል።

«ጎሽ! አሁን ከታች ጀምሪ። ልባሱን ከብረቱ ጋር የያዘው ክሊፕ ያለበትን በጣትሽ ፈልጊ፣ ማማሰያውን እዚያው አጠገብ አድርጊና ወደ ራስሽ አንሺ።»

የመጀመሪያው ክሊፕ «ጧ!» ብሎ ይለቃል።

«ምንድን ነው እዚያ?» ይላል ጥበቃው ከበሩ።

ጋሽ ኃይለጊዮርጊስ ደረታቸው እስኪሰነጠቅ ያስላሉ። «የኅዳር ጭስ ነው፣ ልጄ! ሊገድለን ነው!» ይላሉ። እውነትም ሰፈሩ ሁሉ ቆሻሻውን እያቃጠለ ስለሆነ ሰማዩ አይታይም። ከዚያ ወዲያ አንድ ክሊፕ በለቀቀ ቁጥር ያስላሉ። ማሳል በበዓል አልተከለከለም።

መጨረሻ ላይ እቸኩላለሁ። መሀሉን በእጄ ይዤ ስጎትት ልባሱ ይለመጥና ሲጥ ይላል። የጋሽ ኃይለጊዮርጊስ ሁለት እጆች ከጋቢው ተስፈንጥረው ወጥተው አየር ላይ ይቆማሉ።

«አትሳቢ! በሚካኤል ይዤሻለሁ፣ አትሳቢ!» ይላሉ፤ እጃቸውን ግን እንደምንም መልሰው ይቀብሩታል።

ትንፋሼን ሰብስቤ ወደ ማማሰያዬ እመለሳለሁ። ልባሱ ሙሉ በሙሉ ይለቃል። ክንዴን እስከ ብብቴ በሩ ውስጥ እከትና፣ ከታች ጥግ ላይ በኢታና ሸሚዝ የተጠቀለለውን ጽዋ አገኘዋለሁ። ሸሚዙን አፍንጫዬ ላይ አደርገዋለሁ። የእሱ ጠረን የለበትም፤ ግሪስ ግሪስ ይላል። በጣም ናፍቆኛል፤ ለለቅሶ ግን ጊዜ የለኝም።

ክሊፖቹን በየቀዳዳቸው አስተካክዬ በመዳፌ አንድ በአንድ እጫናቸዋለሁ፤ የመስታወቱን ማዞሪያም በሽቦዋ መልሼ እገጥመዋለሁ። ጋሽ ኃይለጊዮርጊስ ዓይናቸውን በሩ ላይ ሊለጥፉት ምንም አልቀራቸውም። «እኔ የሰፋሁት ሰውዬ እንኳ አላውቀውም» ይላሉ።

ያን ጊዜ ነው ጽዋውን ይዤ የቀረሁት። ነገ ቤቱንም ይበረብሩታል፤ በግቢው በርም ጥበቃው ሳይፈትሸኝ አያሳልፈኝም። እዚህ እስክደርስ ብቻ ነበር ያሰብኩት።

«አንተ ሰውዬ! ማኅበሩን ጥለህ እዚህ ምን ትሠራለህ?»

ሚስታቸው እትዬ በለጡ ናቸው። እኔ ጴንጤ ከሆንኩ ወዲህ ሰላም ብለውኝ አያውቁም። በነጭ ጨርቅ የተሸፈነ ሙዳይ አቅፈዋል፤ የሚቀጥለው የሚካኤል ማኅበር ተረኞች እነሱ ስለሆኑ የማኅበሩን ጽዋ ተረክበው ወደ ቤታቸው መሄዳቸው ነው። ዓይናቸው እጄ ላይ ያርፋል።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ጽዋችን ነው፣ እትዬ። ካገኙት ኢታና አለቀለት።»

ባላቸውን ያያሉ። ባላቸው መሬት መሬት ያያሉ። ጥለውኝ ቢሄዱ አልፈርድባቸውም።

«ታዲያ ጽዋ እንዲህ በግሪስ ጨርቅ ይያዛል?» ይሉና የሙዳዩን ሽፋን ይገልጣሉ። «አስገቢው። እዚያ፣ ከዳቦው ጎን። ቶሎ በይ!»

አስገባዋለሁ። ሸፍነው፣ ደህና ዋይ እንኳ ሳይሉኝ፣ ባላቸውን ከኋላ አስከትለው ይሄዳሉ። እኔ የቤቱ ጥግ ላይ ቆሜ አያለሁ።

ጥበቃው ተነስቶ መንገዱን ይዘጋና እጁን ወደ ሙዳዩ ይዘረጋል።

«የሚካኤል ጽዋ ነው» ይላሉ እትዬ በለጡ።

ልጁ ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ መንገዱን ያያል። ማንም የለም። ጠመንጃውን አጥሩ ላይ ያስደግፋል፣ ቆቡን ያወልቃል፣ ጎንበስ ብሎ ሙዳዩን ይሳለማል።