ብቻውን የሚበላው ሰውዬ

በቴሌቪዥኑ ድራማ ውስጥ አንድ ጌይ ሽማግሌ ሾርባውን ብቻውን ሲጠጣ፣ አባባ ዶሪቫል ሳሎን የተሰበሰቡት ሁሉ ያዩት ነበር። ድራማውን የጻፈው ኢቫንድሮ በሩ ጋ ቆሞ የተመልካቾቹን ጀርባ ያይ ነበር። ሁሉም ጌይና ሌዝቢያን ናቸው፤ ብዙዎቹን ቤተሰብ አባሯቸው፣ እሁድ እሁድ ጥቁር ቦሎቄ በሩዝ የሚበሉት እዚህ፣ ከብራዚሏ ከተማ ከሬሲፊ ዳር ባለችው በዚች ቤት ነው። ዛሬ የመጡት ግን የእሱን ድራማ ሊያዩለት ነበር።

"አንተ ኢቫንድሮ፣ ሰውዬው አንድ የሚሰድበው ጓደኛ እንኳ የለውም?" አለች ዙሌይዴ፣ ሳህኗን ጉልበቷ ላይ እንዳስቀመጠች። "እኔ ባለፈው ብቻዬን ላልቅስ ብዬ ሽንት ቤት ብገባ፣ ሁላችሁም በሩን ስትደበድቡ አልነበር?"

ሳቁ። የኢቫንድሮ ፊት ግን ፍም መሰለ። መጀመሪያ ሲጽፈው የሽማግሌው ቤት በሰው የተሞላ ነበር። ብቻውን ከሆነ ተመልካቹ ያለቅስለታል ብሎ ሰዎቹን አንድ በአንድ የሰረዛቸው ራሱ ነው። ዓይኑን የሚያሳርፍበት አጥቶ ወደ ግድግዳው ዞረ። የሁሉም ኩባያ በየምስማሩ ተሰቅሏል፤ እያንዳንዱ ላይ በቀይ የጥፍር ቀለም የባለቤቱ ስም ተጽፏል። አባቱ ያባረሩት ቀን የተጻፈለት የእሱ ኩባያም እዚያው ነበር።

አባባ ዶሪቫል መነጽራቸውን በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉ። ከመደርደሪያው አዲስ ኩባያ አወጡና የጥፍር ቀለሙን ክዳን ከፈቱ።

"የኔ ልጅ፣ ይሄን ሰውዬ እሁድ ይዘኸው ና" አሉት ብሩሿን እንደያዙ። "ስሙ ማን ነበር?"

ኢቫንድሮ አቀረቀረ። ለሰውዬው ስም አላወጣለትም ነበር።