የጎረቤት ማግኔት

እማዬ አልጋዋን ከጎረቤት ግድግዳ ጋር አጣብቃ ስትተኛ ስንቴ ጮህኩባት። «ቤቱን አጠበብሽው!» እላታለሁ።

ዛሬ ሰሃን እያጠብኩ ጎረቤታችን እትዬ ይርገዱ ቤት ሲለቁ ሰማሁ። ዕቃቸው በደረጃው ይወርዳል። ዞር ስል የእማዬ ከንፈር ጠቁሯል።

«ማግኔቱን ነቀሉት» አለችኝ።

ክው አልኩ። እንደ ዘመኑ አዛውንት ሁሉ ልቧ ላይ ስስ ቅጠል የመሰለች ነገር አለች። የግድግዳ ማግኔት ሲስባት ትለጠጣለች፤ በተለጠጠች ቁጥር ኤሌክትሪክ ትሰጣለች፤ ልቧ የሚመታው በሱ ነው።

«የኛ ማግኔትስ?»

«ከተበላሸ ከረመ። ከሳቸው ነበር የምስበው።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ቆመሽ ሰምተሽኝ ታውቂያለሽ?»

አዝያት ወረድኩ። የጭነት መኪናው ሞተር አስነስቷል። «በእርስዎ ማግኔት ነበር የምትኖረው!» አልኳቸው።

«ውይ በሞትኩት!» አሉ እትዬ ይርገዱ። «ትቼላችሁ እንዳልሄድ የኔም ልብ በሱ ነው። በይ ጫኛት፣ ሻሸመኔ አብረን እንግባ!»

መኪናው ላይ በተጫነው ፍራሽ፣ ማግኔቱ ጎን አስቀመጥኳት። ለኔ ቦታ የለም። ከንፈሯ ቀላ። መኪናው ሲንቀሳቀስ ከቁም ሳጥኑ ጀርባ አንገቷን አወጣች።

«በይ እንግዲህ፣ ቤቱ ይስፋሽ!»

እጄ ላይ የሰሃኑ አረፋ ገና አልደረቀም።